ነፋስ በበዛበት ቀን አርቪ መኪናን ከውሻ ጋር በሞሃቪ በረሃ መንዳት

ከላስ ቬጋስ ተነስቶ በኢንተርስቴት 15 የሞሃቪን በረሃ አቋርጦ ሎስ አንጀለስ የሚያደርሰው መንገድ 270 ማይል ያህል ሲሆን፣ ለሠርግ፣ ለልቅሶ ወይም በፌርፋክስ ጎዳና በምትገኘው ትንሿ ኢትዮጵያ ከዘመድ ጋር ማዕድ ለመቁረስ ብዙዎቻችን የምንመላለስበት ነው። በትንሽ መኪና የለመድነው መንገድ ስለሆነ፣ መኝታ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለውን አርቪ ተከራይተን ቤተሰቡንና ውሻውን ጭነን ስንወጣም ያው መንገድ ይመስለናል። በነፋስ ቀን ግን ያው አይደለም።

አርቪ ከ3 ሜትር በላይ ከፍታና ከ7 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው በጎማ የሚሄድ ግድግዳ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ በሰዓት 20 ማይል በሚነፍስ ነፋስ መሪውን በጥቂቱ ብቻ ይነቀንቅ የነበረው መኪና በ40 ማይል ነፋስ ከመስመሩ ሊገፋ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ከፍተኛ የነፋስ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው በአብዛኛው ነፋሱ ሳያቋርጥ በሰዓት 40 ማይል ወይም በድንገተኛ ግፊት 58 ማይል ይደርሳል ተብሎ ሲጠበቅ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ዝቅ ያለው ማሳሰቢያ ሲወጣም ጉዞዬን ለማግሥቱ አሳድረዋለሁ። ቤቱን ይዞ የሚጓዝ ሰው አንድ ሌሊት ቢያድር የሚጎድልበት ነገር የለም። ብዙውን ጊዜ ወደ መንገድ የሚያጣድፈን አርቪውን በቀኑ የመመለስ ጭንቀት ስለሆነ፣ ኪራዩን ሲዋዋሉ አንድ ቀን ጨምረው ይያዙ።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በሞሃቪ ነፋሱ በአብዛኛው የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጎህ ሲቀድ መነሳት ይበጃል። ከጥቅምት ጀምሮ ወደ ካሆን መተላለፊያ፣ ማለትም መንገዱ ከበረሃው በተራሮች መሐል ወደ ሎስ አንጀለስ በኩል ወደሚወርድበት ቦታ፣ የሚወርደው ሳንታ አና የተባለው ደረቅ ነፋስ ግን ይህን ሥርዓት አይጠብቅም፤ ሌሊትና ጠዋት ሊበረታ ስለሚችል ለዚያ ቁልቁለት ለብቻው ትንበያ ይመልከቱ።

ሲጭኑ ከባዱን ዕቃ ሁሉ ከላይኛው ቁም ሳጥን አውርደው ወለል ላይ ያድርጉት። የንጹሕ ውኃ ጋኑ ከታች የተገጠመ ከሆነና የመኪናው የክብደት ልክ ከፈቀደ፣ ሞልቶ መሄዱ የመኪናውን ክብደት ወደ ታች ያደርገዋል፤ ውኃው ለውሻውም ያስፈልጋል። በጎን የሚዘረጋውን የጥላ ሸራ በማሰሪያ ያጥብቁ፣ የጣሪያ መስኮቶችን ይዝጉ፣ የጎማውን ንፋስ ጎማው ሳይሞቅ ይለኩ።

ውሻው የሚቀመጥበት ቦታ ከዕቃው ሁሉ የበለጠ ይታሰብበት። ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ወንበር ላይ ለቅቀነው ወይም ጭራሽ ረስተነው እንነዳለን፤ ሆኖም ነፋሱ ጣሪያው ላይ ሲያፏጭ የሚደነግጥ ውሻ ዘሎ የሚሸሸገው ከሾፌሩ እግር ሥር፣ ከፍሬኑ አጠገብ ነው። የማጓጓዣ ሳጥኑን ከሾፌሩ ኋላ ወለል ላይ፣ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር በጠንካራ ቀበቶ ይሰሩት። ለእኛ ቡቺ ሳጥኑን በሦስት ጎን ባረጀ ጋቢ እሸፍንለታለሁ፤ ድምፁ ይቀንስለታል፣ በፊት ለፊት በኩል ደግሞ አየር ያገኛል። ምግቡን ከመነሳትዎ ከሦስት ሰዓት በፊት ቢሰጡት እንዳያስመልሰው ይረዳል።

መንገድ ላይ ሁለቱም እጆች መሪው ላይ ይሁኑ፣ ፍጥነቱን በራሱ የሚጠብቀው ክሩዝ ኮንትሮል ይጥፋ፣ ፍጥነትም ይቀንስ። ከባድ የጭነት መኪና ሲያልፍዎ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋዎታል፣ ፊቱ እንዳለፈ ደግሞ ወደ ራሱ ይስብዎታል፤ ሁለቱንም አስቀድሞ የሚጠብቅ ሰው መሪውን በትንሹ ብቻ ያርማል። ከተቆረጠ ኮረብታ መሐል ሲወጡና ድልድይ ላይ ሲደርሱም እንዲሁ ነው። ግፊቱ ሲመጣ እግርዎን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርገው ያንሱ እንጂ ፍሬን በድንገት አይርገጡ።

ከነፋሱ የሚከፋው አቧራው ነው። በኔቫዳና ካሊፎርኒያ ድንበር ላይ ባለችው በፕሪም አጠገብ መንገዱ ከሚያቋርጠው ከኢቫንፓ ደረቅ ሐይቅ አቧራው ሲነሳ የፊትዎ መኪና ሊጠፋብዎት ይችላል። ግድግዳ የመሰለ አቧራ ከሩቅ ካዩ አይግቡበት፣ በቅርቡ መውጫ ይውጡ። ከያዘዎት ደግሞ የአሪዞና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሲያስተምር የቆየውን ይፈጽሙ፦ ከአስፋልቱ በተቻለ መጠን ርቀው ይቁሙ፣ አራቱን ፍሬቻዎች ጨምሮ መብራት ሁሉ ያጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ እግርዎን ከፍሬኑ ያንሱ፣ ቀበቶዎን ሳይፈቱ ይጠብቁ። መብራት ማጥፋቱ እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን በአቧራው ውስጥ የሚመጣው ሾፌር የኋላ መብራትዎን ካየ መንገዱ በዚያ በኩል መስሎት ተከትሎ ይገጭዎታል። በአንዳንድ መኪና ሞተሩ ሲነሳ የፊት መብራት በራሱ ስለሚበራ፣ እንዴት እንደሚጠፋ ኪራዩን ሲረከቡ ይጠይቁ።

ውሻ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። ለአቧራው መስኮት ይዘጋል፣ ሲዘጋ ደግሞ ይሞቃል፤ ውጭ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን እንኳ የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ 32 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የጣሪያው ማቀዝቀዣ በአብዛኛው ጄኔሬተር ይፈልጋል፣ ጄኔሬተሩም አቧራውን በማጣሪያው ይስባል። ስለዚህ አቧራው እስኪሳሳ ድረስ የሞተሩን ማቀዝቀዣ የውስጡን አየር ብቻ እንዲያዞር አድርገው፣ ነፋሱን ወደ ሳጥኑ ያዙሩለት፤ ከመኝታ ክፍሉ የሚለየው መጋረጃ ቢዘጋ ቅዝቃዜው ፊት ለፊት ይቆያል። ጄኔሬተሩን ካስነሱ ጭሱ በመኪናው ሥር ተመልሶ ሊገባ ስለሚችል፣ በጭሱ ውስጥ ላለው መርዛማ ጋዝ የተገጠመው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መሥራቱን ያረጋግጡ።

የውሻ ጤናማ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 41 ሲያልፍ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሳያቋርጥ ካለከለከ፣ ምራቁ ከወፈረ፣ ድዱ ከቀላና ከተንገዳገደ ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ያርጥቡት፣ ያራግቡለት፣ ወደ እንስሳት ሐኪምም ይውሰዱት።

በሩን መክፈት ቀላል ነገር ይመስላል። በመንገዱ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማ ቤከር፣ 134 ጫማ ቁመት ካለው ቴርሞሜትር አጠገብ ቆሜ መዝጊያውን እንዳላቀቅሁ ነፋሱ በሩን ከእጄ ነጥቆ ከግድግዳው አላተመው፤ ቡቺም በክፍተቱ ዘሎ በመኪና ማቆሚያው መሐል ተፈተለከ። አንድ የማላውቀው የጭነት መኪና ሾፌር በቁራጭ ሥጋ አባብሎ ባይዘው ኖሮ መጨረሻው አስፋልት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሬ እቆማለሁ፣ በሩንም የምከፍተው ገመዱ ከውሻው ማሰሪያ ላይ ከገባና ሌላኛው ጫፍ እጄ ላይ ከተጠመጠመ በኋላ ነው። ስልክ ቁጥርዎ ያለበት የአንገት ምልክት የግድ ነው፤ ከቆዳው ሥር የሚገባው መለያ ማይክሮቺፕ ካለው የተመዘገበው አድራሻ የአሁኑ መሆኑን ይመልከቱ። አስፋልቱን በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ ለሰባት ሰከንድ መታገሥ ካልቻሉ ለመዳፉም አይሆንም።

ሲደርሱ ዓይኑንና አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉለት። በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ አፈር ውስጥ ቫሊ ፊቨር የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ፈንገስ አለ፤ ከአቧራ ጋር ወደ ሳንባ ገብቶ ሰውንም ውሻንም ይይዛል፣ ምልክቱም ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ከጉዞው ጋር ማገናኘት ይከብዳል። ውሻው ቢያስል፣ ምግብ ቢጠላ ወይም ቢያነክስ በየትኛው ቀን በየት በኩል እንዳለፋችሁ ለሐኪሙ ይንገሩ።