የደከመ ማግኔት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

"ማግኔቱ አርጅቶ ነው የደከመው" ሲሉኝ መልሼ የምጠይቀው "ምን አጋጥሞት ነበር?" ብዬ ነው። ቋሚ ማግኔት በዕድሜ ብቻ አይደክምም። ያደከመው ሙቀት፣ ምት፣ ዝገት ወይም የሌላ ማግኔት ተቃራኒ መግነጢሳዊ መስክ ነው። በእጄ ከገቡት አብዛኞቹን የገደላቸው ሙቀት ነው።

ምልክት፦ ደካማ ይመስላል፣ ግን አልደከመም

ከመፍረዳችሁ በፊት ወፍራምና ንጹሕ ብረት ላይ ሞክሩት። ቀጭን ላሜራ የማግኔቱን መስክ በሙሉ መሸከም ስለማይችል ብርቱውን ደካማ ያስመስለዋል። ቀለም፣ ዝገትና የደረቀ ማጣበቂያ የሚፈጥሩት ክፍተትም እንደዚያው ነው፤ ለትንሽ ማግኔት ግማሽ ሚሊሜትር ብዙ ርቀት ነው። ቁልቁል የሚንሸራተት ከሆነም ጥፋቱ የማግኔቱ አይደለም። ሻጩ የሚጽፈው ጉልበት ማግኔቱ ፊት ለፊት ሲነቀል ያለው ነው፤ ለስላሳ ብረት ላይ ወደ ጎን ሲንሸራተት የሚይዘው የዚያን አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። እንዳይንሸራተት በማግኔቱና በብረቱ መካከል ስስ ላስቲክ አድርጉ። 304 የሚባለውን ስቴንለስ ግን ማንኛውም ማግኔት እምብዛም አይስበውም፤ አትድከሙ።

ምልክት፦ ወፍራም ብረት ላይም ደክሟል

እዚህ ላይ ሙቀትን ጠርጥሩ። በማግኔት ውስጥ እያንዳንዱ የብረት አተም በኤሌክትሮኖቹ ስፒን (ሽክርክሪት መሰል ባሕርይ) የተነሳ ራሱ ጥቃቅን ማግኔት ነው። ጎረቤታሞቹ አተሞች በቡድን በቡድን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ተራ ምስማር ውስጥ ቡድኖቹ ወደየአቅጣጫው ስለሚዞሩ አንዱ የሌላውን ያጠፋል፤ ማግኔት ውስጥ ግን አብዛኞቹ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረዋል። ሙቀት ይህን ሰልፍ ይበትነዋል። ሰልፉ ጨርሶ የሚፈርስበት ደረጃ በፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ በፒየር ኩሪ ስም ይጠራል፦ ለብረት 770 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን ለሚሠራው ብርቱ የኒዮዲሚየም ማግኔት 310 ገደማ።

ሰው የሚሳሳተው "የእኔ መች 310 ደረሰ!" ብሎ ነው። ጉዳቱ ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት የሚችለው 80 ዲግሪ ነው፤ ያውም ወፍራም ከሆነ። ስስና ሰፊ ክብ ማግኔት የራሱ መስክ ወደ ውስጥ ስለሚቃወመው ከ80 በታችም ይሸነፋል። ሲሞቅ ትንሽ ደክሞ ሲቀዘቅዝ የሚመለሰው ጤነኛ ለውጥ ነው። ልኩን አልፎ የሞቀው ግን ቢቀዘቅዝም አይመለስም።

ማጣበቂያው ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማግኔቶቹን ከተለጠፉበት ክዳን ጋር ምድጃ ውስጥ የከተተ ሰው "ዕቃው የውሸት ነው" እያለ መጣ። ዕቃው ደህና ነበር። ሌላው ሽቦ በቀጥታ ማግኔቱ ላይ በየደ፤ የመበየጃው ጫፍ ከ300 ዲግሪ ያልፋል። ማግኔት ላይ አትበይዱ! በመቆንጠጫ ያዙት ወይም በኤፖክሲ ለጥፉት፤ ኤፖክሲውም በራሱ ጊዜ ይድረቅ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የሞተሩ ነው። ብሩሽ የሌለው ሞተር ጭነት ሳይኖርበት ከድሮው ፈጥኖ ይዞራል፣ ጭነት ሲገባበት ግን ጉልበት አጥቶ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል። ባለቤቱ የመዳብ ጥቅሉን ይወነጅላል፣ ያስጠመጥማል፣ ደግሞ ያስጠመጥማል። ጥቅሉ ንጹሕ ነው፤ የደከመው ሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) ላይ ያለው ማግኔት ነው። ሞተሩ አንድ ቀን ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ግሏል፤ የደከመ ማግኔት ደግሞ ለተመሳሳይ ሥራ ተጨማሪ አምፔር ስለሚጠይቅ ሙቀቱ ይብስበታል። ከማስጠምጠማችሁ በፊት የሞተሩን ሽቦዎች ከመቆጣጠሪያው ንቀሉና ዘንጉን በድሪል በታወቀ ፍጥነት አዙሩ፣ ከሽቦዎቹ በሁለቱ መካከል የሚወጣውን ኤሲ ቮልት ለኩ፣ ከጤነኛ መሰሉ ጋር አስተያዩ። ቮልቱ ከማግኔቱ መስክ ጋር እኩል ይወርዳል፦ 20 በመቶ ከጎደለ መስኩ 20 በመቶ ደክሟል። ይህን ሳይለኩ መዳብ ፈትቶ መጣል ብክነት ነው።

መፍትሔው መቀየር ነው። በሌላ ማግኔት ማሸት ለመርፌና ለምስማር ይሠራል፤ ኒዮዲሚየምን ሙሉ በሙሉ ለመሙላት ግን ወደ 3 ቴስላ (የመስክ ብርታት መለኪያ) የሚጠጋ መስክ ያስፈልጋል፣ ይህን የሚሰጠው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትልልቅ ካፓሲተሮችን በአንድ ቅጽበት በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያራግፍ መሣሪያ ነው። ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ ቮልቴጁ ይገድላል።

ስትቀይሩ በማግኔቱ የደረጃ ስም (ለምሳሌ ኤን 42 ኤስኤች) ከቁጥሩ በኋላ ያለውን ፊደል ጠይቁ። ፊደል የሌለው ቢበዛ 80 ዲግሪ፣ ኤም 100፣ ኤች 120፣ ኤስኤች 150፣ ዩኤች 180፣ ኢኤች 200 ይችላል። ሻጩ "ኤን 52 ነው፣ ከሁሉ ብርቱው!" ካላችሁ እና ቦታው ሞቃት ከሆነ ተዉት። ኤን 42 ኤስኤች ሲቀዘቅዝ ከእሱ ያነሰ ጉልበት አለው፣ ሲግል ግን በሥራው ላይ ይቆያል። ፊደሉን የማያውቅ ሻጭ ስለ ሙቀት የሚነግራችሁን አትመኑ። ከ200 በላይ ለሚግል ቦታ ሳማሪየም ኮባልት የሚባለውን ማግኔት ግዙ።

ምልክት፦ ዳር ዳሩ እየተፈረፈረ ዱቄት ይሆናል

የኒኬል ልባሱ ተሰንጥቆ ውስጡ ዝጓል። አይጠገንም። ኒዮዲሚየምን አትብሱ፣ አትሞርዱ፦ ልባሱ ይገፈፋል፣ ብናኙም በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ለሁለት ቢከፈል ደግሞ ሰሜኑ ለብቻ፣ ደቡቡ ለብቻ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ዋልታ ይኖረዋል።

ሁለት ብርቱ ማግኔቶችን በነፃ አትልቀቋቸው፤ ሲጋጩ ይሰባበራሉ፣ ጣትም ይቀጠቅጣሉ። የልብ ምት ማስተካከያ ካለው ሰው ደረት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር አርቋቸው፣ ብርቱና ትልቅ ከሆኑም ከዚያ አብልጡ። ሕፃን ከአንድ በላይ ከዋጠ አንጀቱን ከሁለት ወገን ቆንጥጠው ይበሱታል፦ ሳታመነቱ፣ እስኪወጣ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት።

ምልክት፦ የኮምፓሱ መርፌ ሰሜን ሲባል ደቡብ ያሳያል

ብርቱ ማግኔት አጠገቡ ተቀምጦ ዋልታውን ገልብጦታል። የማግኔትን ሰሜን ዋልታ ከመርፌው መሃል ተነሥታችሁ ደቡብ መሆን ወዳለበት ጫፍ አንድ ጊዜ በቀስታ ጎትቱና ከፍ አድርጋችሁ አርቁት፤ መርፌው ካልተስተካከለ ድገሙት።