አሌፍ ቤት በምስርና በክብሪት፦ ሀሁ ለቆጠረ ልጅ ዕብራይስጥ ማስነበብ

ሦስት ወር ሙሉ ተሞኝቻለሁ።

የእህቴ ልጆች፣ ታላቅየው 7 ዓመቱ ታናሽየዋ 5፣ የዕብራይስጥን 22 ፊደላት በዜማ ከላይ እስከ ታች ያወርዱት ነበር። እኔም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ እስራኤል ላሉት አያታቸው በስልክ አሰማለሁ፣ እሳቸውም እልል ይላሉ፣ ሁላችንም ደስ ብሎን እንለያያለን። አንድ ቀን አያትየው የስልካቸውን ካሜራ ግድግዳቸው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ አዞሩና አንዲት ፊደል ብቻ አሳይተው "ይቺስ ማን ናት?" አሏቸው። ዝም። ታናሽየዋ ትንሽ አሰበችና ከአሌፍ ጀምራ መዝፈን ጀመረች። ዘፈኑን የት ላይ ማቆም እንዳለባት ግን አላወቀችም።

ለካ ያስተማርኳቸው ዘፈን ነው።

ይህን ችግር የኛ የኔታዎች ከጥንት ያውቁታል። ልጅ ሀ ሁ ሂ ሃን በቃሉ ሲወጣው፣ እያየ ይበል እያስታወሰ አይታወቅም። ለዚህ ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው። አንዱ ፊደል በግዕዝ፣ ቀጣዩ በካዕብ፣ ሌላው በሣልስ እያለ ይሄዳል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እዚህ ላይ የሀሁ ዜማ አያድንም፣ ማየት ግድ ነው። አሁን እነዚህን ሰባቱን ወደ ግዕዝ መልሷቸው፦ አ በ ገ ደ ሀ ወ ዘ። ከአሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት፣ ሄ፣ ቫቭ፣ ዛይን ጋር አስተያዩት። ያው ነው! ቅደም ተከተሉ እኛ ቤት ድሮም ነበር ማለት ነው። የቀረውን ማጣራት ከፈለጋችሁ መዝሙረ ዳዊት 118ን (በሌላው አቆጣጠር 119ን) ግለጡ። 22 ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ክፍል 8 ቁጥር፣ በየራስጌው የዕብራይስጥ ፊደል ስም ተጽፏል።

"እኛው ራሳችን ሳናውቅ እንዴት እናስተምር" የምትሉ ወላጆች ደግሞ አትፍሩ። ቤተ እስራኤል ራሳቸው ለዘመናት ኦሪትን ያነበቡት በግዕዝ ነው። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ አይሁዳዊው ምሁር ዣክ ፋይትሎቪችና ተማሪው ታምራት አማኑኤል ለቤተ እስራኤል ልጆች አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ሲከፍቱም ዕብራይስጡን ለብዙዎቹ ልጆች ከዜሮ ነው ያስጀመሩት። ከልጁ አንድ ሳምንት ከቀደማችሁ ይበቃል። እኔም ከዚያ በላይ አልቀደምኩም።

ወደ ሥራው። ከሱቅ ባዶ ካርቶን ለምኑ፣ ወፍራም ማርከር ግዙ። ካርቶኑን በመዳፍ ልክ ቆራርጡና በያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ፊደል በትልቁ ጻፉ፣ ከሥሩና ከላዩ ክፍት ቦታ ተዉ። የሚጻፈው የመጽሐፍ ፊደል ይሁን። እስራኤል ውስጥ ሰው በእጁ ሲጽፍ የሚጠቀምበት ሌላ ቅርጽ አለ፣ እሱን ለኋላ አቆዩት፣ ሁለቱን ባንዴ መጀመር ልጁን ማደናገር ነው። ከዚያ ከኩሽና አንድ ጭብጥ ቀይ ክክ ምስር እና ጥቂት የክብሪት እንጨት (ራሱ ተቆርጦ!) አምጡ። አናባቢዎቹ እነዚህ ናቸው።

ዕብራይስጥ ሲፈጠር እንደኛ አናባቢ ከፊደሉ ጋር አልተሰፋለትም። ፊደሎቹ ተነባቢ ናቸው፤ ነጥብና ሰረዞቹ፣ ኒኩድ የሚባሉት፣ ብዙ ቆይተው በጥብርያዶስ የነበሩ ሊቃውንት የጨመሯቸው ናቸው። የኛ ፊደል እግርና ቀለበት ያበጀው በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢዛና ጊዜ ስለሆነ በዚህ እንኳ እንቀድማለን (ትንሽ ልኩራ)። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ሀሁ የቆጠረ ልጅ "አንድ ፊደል ምልክት ሲጨመርበት ድምፁ ይለወጣል" የሚለውን ነገር ቀድሞ ያውቀዋል። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ እያለ አድጓላ። ስለዚህ እንደ እንግሊዝኛው አናባቢውን ለብቻው ፊደል አድርጋችሁ አታስተምሩት። "ይሄኛው ራብዕ ያደርገዋል፣ ይሄኛው ሣልስ" በሉት፣ ወዲያው ይገባዋል።

ካርቶኑ ላይ ላሜድ አለ እንበል። ከሥሩ አንድ የክብሪት እንጨት አጋድሙ፦ ላ። ይህ ፓታኽ ነው። ከእንጨቱ ሥር አንዲት ምስር ጨምሩ፦ አሁንም ላ፣ ስሙ ግን ካማጽ። በዛሬው አነጋገር ሁለቱ በብዛት አንድ ናቸው፣ ልጁን በልዩነቱ አታድክሙት። እንጨቱን አንሱና አንዲት ምስር ብቻ ተዉ፦ ሊ፣ ኺሪክ። ምስሯን ወደ ላይ፣ ከፊደሉ ግራ ጫፍ በላይ አውጧት፦ ሎ፣ ኾላም። ሦስት ምስር ከሥር አግድም እያዘነበለ ሲወርድ ሉ፣ ኩቡጽ። ሁለት ምስር ጎን ለጎን ሌ፣ ጼሬ። ሦስት ምስር እንደ ጉልቻ፣ ሁለቱ ከላይ አንዱ ከታች፣ እሱም ወደ ሌ ነው፣ ሴጎል ይባላል። ታናሽየዋ "ጉልቻው" ነው የምትለው፤ እኔም ትቻታለሁ፣ ስሙን መሸምደድ ምን ይሠራል። የኛ ግዕዝ (ለ የሚለው ድምፅ) ግን እዚያ ልኩ የለም፣ ልጁ ሴጎልን ወደ ለ ቢያዘነብለው ቀስ ብላችሁ መልሱት።

ሽቫን የመጨረሻ አድርጉት። ሁለት ምስር አንዱ ባንዱ ላይ፣ ልክ እንደኛ ሁለት ነጥብ፣ ከፊደሉ ሥር። ሥራው የሳድስ ነው። "ብርድ" ስንል ብ ትንሽ ድምፅ አላት፣ "ልብ" ስንል ደግሞ ጭራሽ የላትም፣ ማንም ደንብ ሳያስተምረን በጆሯችን እንለያለን። ሽቫም እንደዚያው አንዳንዴ ትንሽ ይሰማል አንዳንዴ ድምፁ ይጠፋል። ፈረንጅ በዚህ ጉዳይ ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ይጽፋል፤ አማርኛ አንባቢ ልጅ "ሳድስ ናት" ተብሎ ያልፈዋል።

ከየትኛው ፊደል እንጀምር? ከአሌፍ አትጀምሩ። አሌፍ የራሱ ድምፅ የለውም፣ አናባቢውን ተሸክሞ ይቆማል እንጂ፣ እና ለ5 ዓመት ልጅ "ይሄ ፊደል ዝም ነው የሚለው" ማለት ቀልድ ይመስለዋል። እኔ ሁለተኛ ስጀምር የያዝኩት አራት ፊደል ብቻ ነው፦ ጊሜል፣ ዳሌት፣ ላሜድ፣ ሜም። አናባቢው የራብዕ ብቻ። በእነዚህ ብቻ እውነተኛ ቃል ይነበባል፦ ዳግ (ዓሣ)፣ ጋግ (ጣሪያ)፣ ጋማል (ግመል)፣ ጋዳል (አደገ)፣ ላማድ (ተማረ)። የመጨረሻው የኛው ለመደ ዘመድ ነው፣ ጋማልንማ ልጁ ራሱ ይደርስበታል። በሁለተኛው ሳምንት ታላቅየው ካርቶኖቹን ደርድሮ "ጋማል... ግመል ናት እንዴ?" ሲል ፊቱን ብታዩት! ልጅ ማንበብ የሚወደው ያነበበው ነገር ትርጉም ሲሰጠው ነው፣ 22ቱ እስኪያልቁ አታስጠብቁት።

ዘመድ ቃላቱ ደግሞ ብዙ ናቸው። ዳም ደም ነው፣ ሌቭ ልብ ነው፣ ባይት ቤት ነው፣ ማይም የግዕዙ ማይ፣ ኬሌቭ የግዕዙ ከልብ። አፍ ግን ተጠንቀቁ፣ እዚያ አፍንጫ ማለት ነው። እኛ ቤት ለሁለት ቀን ሁሉም ሰው "አፍህን ጥረግ" እየተባባለ ሲስቅ ነበር።

አሁን ትልቁ ስህተቴ። መጀመሪያ ሰሞን ደብተራቸው ላይ ከዕብራይስጡ ሥር በአማርኛ ፊደል "ሻሎም" ብዬ እጽፍላቸው ነበር፣ እንዲቀላቸው ብዬ። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፣ አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ። ታላቅየው ጣቱን መጨረሻዋ ሜም ላይ አድርጎ "ሻ" ይላል፣ ጣቱን ሺን ላይ አድርጎ "ም" ይላል፣ እኔ ደግሞ "ጎበዝ!" እላለሁ። ሲያነብ የነበረው አማርኛውን ነው። ልጁ አማርኛ ካየ ዕብራይስጡን ዞሮ አያየውም፣ እኛም ብንሆን አናይም። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ከካርቶኑ ላይም ከደብተሩም ይጥፋ። ለራሳችሁ ማስታወሻ ካስፈለጋችሁ ከካርቶኑ ጀርባ ጻፉ።

ለአቅጣጫው አንድ ቆርኪ በቂ ነው። ቃል በምትደረድሩበት ጠረጴዛ ቀኝ ጫፍ ላይ ቆርኪ አስቀምጡ፣ ጣት ሁሌ ከቆርኪው ይነሳል። በሁለት ሳምንት ቆርኪው አያስፈልግም። ደብተሩንም ከእኛ "መጨረሻ" በኩል ክፈቱት።

የሚያሳስቱ ፊደሎች አሉ፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ዳሌትና ሬሽ አንድ ይመስላሉ። ዳሌት ከኋላዋ ጥግ አላት፣ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ፣ ሬሽ ግን ክብ ብላ ትታጠፋለች። ቤትና ካፍም እንዲሁ፣ ቤት ታች በቀኝ በኩል ተረከዝ አላት፣ ካፍ የላትም። ሄ ግራ እግሯ ከጣሪያዋ ተላቋል፣ ኼት ግን ገጥሟል። እነዚህን ጥንዶች ባንድ ሳምንት አታስተምሩ፤ አንዷ ከገባች ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላዋ ትምጣ፣ ያን ጊዜ ጎን ለጎን አድርጋችሁ "ልዩነቱን አግኝ" ተጫወቱ። ሌላም የኛ ልጆች ብቻ የሚሳሳቱት ስህተት አለ፦ ኼት በ ትመስላቸዋለች፣ ክቧ ሳሜኽ ደግሞ ዐ። አትቆጡ። ሺን ሠ መምሰሏ ግን ጥሩ ነው፣ በሱ ተጠቀሙበት፤ ነጥቧ በቀኝ ከሆነ ሽ፣ በግራ ከሆነ ስ ትላለች።

ሆድ ውስጥ የምትገባ ነጥብም አለች፣ ዳጌሽ ትባላለች። ለጀማሪ ሦስት ፊደል ላይ ብቻ ቁጠሯት። ቤት ነጥብ ካላት ብ ካጣች ቭ፣ ካፍ ነጥብ ካላት ክ ካጣች ኽ፣ ፔ ነጥብ ካላት ፕ ካጣች ፍ። ባይት እና ሌቭን ጎን ለጎን አሳዩ፣ ያው ቤት ናት። በሌሎቹ ፊደሎች ሆድ ውስጥ ብታዩዋት ለአሁኑ እለፏት። ከቫቭ በቀር! ቫቭ ነጥቡ ሆዱ ላይ ሲሆን ኡ፣ አናቱ ላይ ሲሆን ኦ ይሆናል። ታላቅየው "ሆዱን ሲያመው ኡ ይላል" ብሎ ነው የያዘው።

አነጋገር ላይ ብዙ አልጨነቅም። ልጆቹ ቴትን ጥ፣ ኩፍን ቅ ማለት ይቀናቸዋል፣ በዛሬው እስራኤል ግን የሚሰማው ት እና ክ ነው፤ ጻዲም ጽ ሳይፈነዳ ነው። እዚያ ሲሄዱ በሰፈር ልጆች ይታረማል።

የመጨረሻ ቅርጾቹ አምስት ናቸው፦ ካፍ፣ ሜም፣ ኑን፣ ፔ፣ ጻዲ። ቃል መጨረሻ ላይ ሲደርሱ አራቱ እግራቸውን ወደ ታች ይዘረጋሉ፣ ሜም ደግሞ በሯን ትዘጋለች። ማይም የሚለውን ቃል አሳዩ፣ በክፍት ሜም ተጀምሮ በዝግ ሜም ያልቃል።

በቀን 15 ደቂቃ። ከዚያ በላይ አትሂዱ፣ በተለይ ከትምህርት ቤት ደክሞት ለመጣ ልጅ። እኛ የምንሠራው ከመክሰስ በኋላ ነው፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ የበለጠ ይመቻል፣ ካርቱን የለማ። ሁልጊዜ ካርቶኖቹን በውዙና ጀምሩ። ዜማውን አልከለከልኩም፣ ለአያታቸው ይዘፍናሉ፣ ግን ከንባብ በኋላ ነው።

ልጁ ከነምስሩ ቶሎ ቶሎ ማንበብ ከጀመረ ደግሞ ምስር ማንሳት ጀምሩ። እስራኤል ውስጥ ኒኩድ ያለው በልጆች መጽሐፍ፣ በጸሎት መጽሐፍና በግጥም ነው፤ የሱቅ ስም፣ ጋዜጣ፣ የአውቶቡስ ጽሑፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አታገኙትም። በደንብ በሚያውቀው ቃል ጀምሩ፣ አንዷን ምስር አንሱና "አሁንስ?" በሉት። ባለፈው ሳምንት ሦስቱን ካርቶን ደርድሬ እንጨትና ምስሩን ላነሳ ስል ታናሽየዋ ቀደመችኝ። በመዳፏ ጠርጋ ወደ ጣሳው ከተተችውና "ይኸው፣ አሁንም ጋማል ነው" አለች።