የደም ዝውውርን በበግ ልብና በቆሮሶ ዓሳ ማየት (በተለይ ሀዋሳ ላላችሁ)

ባዮሎጂ ላይ ያቺን ግማሽ ቀይ ግማሽ ሰማያዊ ስዕል ታስታውሷታላችሁ አይደል፣ እኔ ሸምድጄ ነው ያለፍኳት። ታናሽ እህቴ ፈተና ሲደርስባት ግን ስዕሉን ትተን ሥጋ ቤት ሄድን።

የበግ ልብ ግዙ። ከላይ ያሉትን ቧንቧዎች እንዳይቆርጥባችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ብዙ ጊዜ አጥርተው ነው የሚሰጡት እና ያለ ቧንቧ ጨዋታው የለም። በግ ያልኩት ልቡ እንደኛው ባለ አራት ክፍል ስለሆነ ነው፣ ሁለት ከላይ ተቀባይ ሁለት ከታች ገፊ።

ቢላ ሳታነሱ በፊት ጨመቅ ጨመቅ አርጉት። አንዱ ጎን ይለሰልሳል አንዱ ደንደን ይላል፣ ደንዳናው ግራው ነው። ከዛ ጣታችሁ ሲገባ ወደ ደንዳናው ጎን የሚወርደውን ወፍራም ቧንቧ ፈልጉ፣ አኦርታ እሱ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ውሃ ሙሉበት። ውሃው ወደ ልቡ አይወርድም፣ እዛው ቁጭ ይላል! ቫልቩ ነው የዘጋው፣ የተረጨ ደም ወደኋላ የማይመለሰው በሱ ነው። እኔ ቸኩዬ መጀመሪያ ሰንጥቄው ይሄ ሳይታይ ቀረ፣ ሌላ ልብ ገዛን።

አሁን ሰንጥቁት። የግራው ግድግዳ ከቀኙ በጣም ይወፍራል፣ ለምን ብትሉ ቀኙ ደም የሚልከው እዛው አጠገቡ ወዳለው ሳምባ ነው፣ ግራው ግን እስከ እግር ጥፍር ድረስ መግፋት አለበት። ውስጥ ያሉት ነጫጭ ክሮች ደሞ ቫልቩ እንዳይገለበጥ ወጥረው የሚይዙ ናቸው።

እና ዝውውሩ ሁለት ዙር ነው፣ ከሰውነት የመጣው በቀኝ ገብቶ ሳምባ ይሄዳል፣ ኦክስጅን ይዞ በግራ ተመልሶ ወደ ሰውነት ይወጣል። ደም ቅዳ ማለት "ኦክስጅን ያለው ደም" ማለት አይደለም፣ ከልብ የሚወጣ ማለት ነው፣ ወደ ሳምባ የሚሄደውም ደም ቅዳ ነው። እህቴን ሁሌ ጥያቄ የሚያስታት እዚህ ጋ ነበር።

የራሳችሁን ለማየት ታቦር ተራራ ከመውጣታችሁ በፊትና እንደወጣችሁ የእጅ አንጓችሁ ላይ 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ (በአውራ ጣት አይደለም፣ እሱ የራሱ ምት አለው)። አዋቂ ሰው ቁጭ ብሎ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፣ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ይረጫል፣ ስለዚህ በደቂቃ 5 ሊትር አካባቢ፣ ያለን ደም በሙሉ ማለት ነው።

ከዛ ጠዋት አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ) ውረዱ። ቆሮሶ ሲበልቱ ልቡን አውጡልን በሉ፣ ሆዱ ውስጥ ሳይሆን ከስንጥቡ (ዓሳው የሚተነፍስበት) ስር ጉሮሮው ጋ ነው ያለው፣ ትንሽዬ። ክፍሉ ሁለት ብቻ ነው፣ አንድ ተቀባይ አንድ ገፊ። ደሙ ከልብ ወደ ስንጥብ ሄዶ ኦክስጅን ይዞ በዛው ወደ ሰውነት ይቀጥላል፣ ልብ ጋ ተመልሶ ጉልበት አይጨመርለትም፣ አንድ ዙር ነው። እህቴ እጅ ላይ ያስቀመጡላት ልብ ከወጣ በኋላም ትንሽ እየመታ ነበር፣ ምቱን የሚያስነሳው ልቡ ራሱ ስለሆነ፣ ደንግጣ ጣለችው እና አባ ኮዳው (እዛ የሚያንዣብበው ትልቁ ወፍ) ቀለበ። የሱ ልብ እንደኛ ባለ አራት ክፍል ነው፣ እሱን ግን የሚያወጣልን አላገኘንም 😂