ስለ ሶላርና ስለ መብራት ዋጋ የሚቀሰቅሱ እጩዎችን ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ፣ ጆርጂያ ስቴት ያለን ሐበሾች ምርጫ ሲደርስ ወሬያችን ሁሉ ስለ ፕሬዚዳንቱ ነው። ስለ ሶላርና ስለ ንፋስ ኃይል ስንከራከርም ትራምፕ ምን አለ፣ ሃሪስ ምን አለች እንባባላለን። በየወሩ የሚመጣብንን የመብራት ቢል የሚያጸድቁት ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። ብዙዎቻችን ስማቸውን እንኳ አናውቅም።

የድምፅ መስጫውን ታችኛውን ክፍል ሳያዩ መውጣት

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይሄ ነው። ትልቁን የመብራት ኩባንያ፣ የጆርጂያ ፓወርን ዋጋ የሚያጸድቀው የስቴቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው። አምስት ኮሚሽነሮች አሉት፤ የሚመረጡትም በቀጥታ በሕዝብ ነው። ኩባንያው የጋዝ ማመንጫ ይሥራ ወይስ ሶላር ይትከል፣ ወጪውስ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው እነሱ ፊት ይቀርባል። እያንዳንዳቸው አንድ ወረዳ ወክለው ቢወዳደሩም ድምፅ የሚሰጠው የመላው ስቴት ሕዝብ ነው። ክላርክስተን ያለውም ሳቫና ያለውም እኩል ይመርጣል።

በፍርድ ቤት ክርክር የተነሳ ይህ ምርጫ ለዓመታት ሳይካሄድ ቆየ። በኖቬምበር 2025 ሲካሄድ ሁለት ዴሞክራቶች፣ አሊሻ ጆንሰንና ፒተር ሃባርድ፣ ወንበሩ ላይ የነበሩትን ሁለት ሪፐብሊካኖች በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። የቀሰቀሱት ሰው ሁሉ በሚያማርረው ነገር፣ በቢሉ መናር ነው። የሃባርድ ወንበር በ2026 እንደገና ለውድድር ይቀርባል። ከመሄዳችሁ በፊት "ማይ ቮተር ፔጅ" በሚባለው የስቴቱ የመራጮች ድረ ገጽ ላይ ግቡና የድምፅ መስጫችሁን ናሙና እስከ ታች አንብቡት።

አንድ ነገር ልጨምር። ግዊኔት አካባቢ ብዙ ሰው መብራቱን የሚያገኘው ከጆርጂያ ፓወር ሳይሆን "ኢኤምሲ" ከሚባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የእሱን ዋጋ ኮሚሽኑ አይወስንም፤ ማኅበሩ የራሱ ቦርድ አለው። ቦርዱን የሚመርጡት ደግሞ አባላቱ ናቸው፤ አባል ማለት እናንተው ደንበኞቹ ናችሁ። ቢላችሁ ላይ የማን ስም እንዳለ እዩ።

በፓርቲው ስም ብቻ መፍረድ

"ሪፐብሊካን ከሆነ ሶላር ይጠላል" የሚል ሰው የ2013ቱን ታሪክ አያውቅም ማለት ነው። ያኔ አምስቱም ኮሚሽነሮች ሪፐብሊካን ነበሩ። የአትላንታ ቲ ፓርቲ (መንግሥት በሰው ጉዳይ እንዳይገባ የሚከራከር የፖለቲካ እንቅስቃሴ) ሰዎች ከአካባቢ ጥበቃው ድርጅት ከሲየራ ክለብ ጋር አበሩ። አንዱ ወግ አጥባቂ፣ ሌላው ለዘብተኛ፤ በሌላ ነገር የማይስማሙ ናቸው። ቲ ፓርቲዎቹ የተከራከሩት ስለ አየር ንብረት አልነበረም። ደንበኛው አማራጭ ይኑረው፣ ሰው በገዛ ጣሪያው ላይ መብራት የማመንጨት ነፃነት ያግኝ ነው ያሉት። ኮሚሽኑም 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ጆርጂያ ፓወር 525 ሜጋዋት ሶላር እንዲጨምር አዘዘ። ስለዚህ የእጩውን ፓርቲ ብቻ ሳይሆን ከዚህ በፊት የሰጠውን ድምፅ ፈልጉ።

"ንጹሕ ኃይል እደግፋለሁ" ሲል ሰምቶ መርካት

ይህን የማይል እጩ የለም ማለት ይቻላል። ስንት ሜጋዋት? እስከ መቼ? ቢዘገይ ወይም ከተባለው ዋጋ በላይ ቢያስወጣ ማን ይከፍላል? ብላችሁ ጠይቁት።

እዚሁ ጆርጂያ ያለውን የቮግል ኒውክሌር መብራት ማመንጫ ጣቢያ ተመልከቱ። ሁለቱ አዳዲስ ክፍሎቹ ሥራ የጀመሩት በ2023 እና በ2024 ነው፤ ከታቀደው ሰባት ዓመት ያህል ዘግይተው። ወጪው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በ2009 የስቴቱ ሕግ አውጪ ባወጣው ሕግ መሠረት ደንበኞች ከ2011 ጀምሮ ለግንባታው ይከፍሉ ነበር። የድሮ ቢል ያለው ሰው አውጥቶ ይየው፤ "የኒውክሌር ግንባታ ወጪ ማስመለሻ" የሚል መስመር ለብቻው ተጽፏል። አዲሶቹ ክፍሎች አንድ ኪሎዋት እንኳ ሳያመነጩ ተከፍሏል ማለት ነው። የሚያመነጨው መብራት ካርቦን የለውም፤ ይህ እውነት ነው። ሂሳቡን የከፈለው ግን ሊሞ የሚነዳውም፣ መጋዘን የሚሠራውም ደንበኛ ነው።

ቤንዚንና መብራትን መቀላቀል

አሜሪካ ውስጥ ከነዳጅ ዘይት የሚመነጨው መብራት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። የቤንዚን ዋጋ መናሩንም መውረዱንም ከሶላርና ከንፋስ ኃይል ጋር የሚያያይዝ ቅስቀሳ ስትሰሙ ጠንቀቅ በሉ። የመብራት ቢላችሁን የሚነካው በይበልጥ የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ ነው። ጋዙ ሲወደድ ጭማሪው ወደ ደንበኛው ይተላለፋል።

የቅስቀሳ ወሬ ይዞ ውል መፈረም

ምርጫ ሲሞቅ በር የሚያንኳኳ የሶላር ሻጭም ይበዛል። "መንግሥት 30 ከመቶ ይመልስላችኋል" የሚለው አባባል ለአባወራው ጊዜው አልፎበታል። በ2022 የወጣው ሕግ ያጠናከረው ይህ የግብር ቅናሽ፣ በጁላይ 2025 በተፈረመው ሕግ ምክንያት፣ ሰው ራሱ ገዝቶ ለሚያስተክለው የቤት ሶላር በ2025 መጨረሻ ቆሟል። እጩ "እመልሰዋለሁ" ቢልም እስኪመለስ ድረስ ሂሳባችሁ ውስጥ አታስገቡት።

መርጦ መተው

በዲሴምበር 2025፣ ሁለቱ አዲስ ተመራጮች ወንበራቸውን ሳይይዙ፣ ነባሩ ኮሚሽን ወደ 10,000 ሜጋዋት የሚጠጋ አዲስ ኃይል አጸደቀ። አብዛኛው ለዳታ ሴንተሮች፣ ማለትም የኩባንያዎች ኮምፒውተሮች ለሚሠሩባቸው ግዙፍ ማዕከላት ነው፤ ጋዝም ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ይህን ያህል ትልቅ ውሳኔ የተላለፈው ሰዉ ድምፁን ሰጥቶ ወደ ሥራው በተመለሰበት ሰሞን ነው። የኮሚሽኑ ስብሰባ አትላንታ መሀል ከተማ ይካሄዳል፤ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜም አለ። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ወገናችን መምረጥ ባይችልም ቢሉን ይዞ ሄዶ መናገር ይችላል።