ከመቅዳታችሁ በፊት የታንኩን ክዳን እዩት
ሚኒሶታና አካባቢው ኡበር ምናምን የምትነዱ ልጆች፣ ቤንዚን እንዲህ ሲወደድ ዝም ብላችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት እስቲ የታንካችሁን ክዳን እዩት። ቢጫ ከሆነ ወይ ኢ85 የሚል ጽሁፍ ካለበት መኪናው ፍሌክስ ፊውል ነው ማለት ነው (በቤንዚንም በኢ85ም የሚሰራ)፣ ብዙ ሰው ዩዝድ ይገዛና አመታት ሲነዳው አያውቅም (እኔ ራሴ ሁለት አመት ሙሉ አላየሁትም ነበር፣ ሂዱና ሳቁብኝ)። ኢ85 ማለት ከ51 እስከ 83 ፐርሰንቱ ኢታኖል (አልኮል)፣ የቀረው ቤንዚን የሆነ ነዳጅ ነው፣ እዚህ ከበቆሎ ስለሚሰሩት ማደያው አይጠፋም፣ ታንክ ውስጥ ካለው ቤንዚን ጋር ቢደባለቅም ችግር የለውም።

ግን ረከሰ ብላችሁ አትቸኩሉ! ኢታኖል ጉልበቱ ያንሳል፣ በአንድ ጋሎን የምትሄዱት ማይል ከ15 እስከ 27 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ ስለዚህ እኔ የሬጉላሩን (የተራውን ቤንዚን) ዋጋ በ0.75 አባዛዋለሁ፣ 4 ዶላር ከሆነ ኢ85 ከ3 ዶላር በታች ካልወረደ አልነካውም። ደሞ በናታችሁ ፍሌክስ ያልሆነ መኪና ላይ እንዳትሞክሩት፣ ቼክ ኢንጅን ያበራና የነዳጅ መስመሩን ሊያበላሽባችሁ ይችላል፣ ከዛ ወሩን ሙሉ ለመካኒክ ነው የምትሰሩት።