የቤዝ ጊታር ፒክአፕ ከመቀየራችሁ በፊት፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ለጥገና ከሚመጡልኝ ቤዝ ጊታሮች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ታሪክ አላቸው። ባለቤቱ ድምፁ አልጥም ብሎት ውጭ አገር ያለ ዘመዱን ፒክአፕ (ከክሩ ሥር ተቀምጦ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን የማግኔትና የሽቦ ጥቅል) አስገዝቷል፤ ዕቃው በሰው ሻንጣ አዲስ አበባ ደርሷል፤ ከዚያ ወይ ቦታው ላይ አልገባም፣ ወይ ገብቶም ድምፁ እንደነበረው ሆኗል። አሜሪካ የሚኖር ሰው ያልተስማማውን ዕቃ በፖስታ ይመልሳል። እኛ ዘንድ ግን ሻንጣው አንዴ ከቦሌ ከወጣ ተመላሽ የለም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በፒክአፑ ላይ መጣል

«ጋሼ፣ ድምፁ ሞቷል» ይሉኛል። ክሩን በጣቴ ስዳብሰው በላብና በአቧራ ጠቁሮ ይሻክራል። አዲስ ክር ሳስር ግማሾቹ ፒክአፕ የመግዛት ሐሳባቸውን እዚያው ይተዋሉ። «ጄምስ ጄመርሰን እኮ ክር አይቀይርም ነበር» ብሎ የሚከራከረኝም አይጠፋም። እውነት ነው፣ የአሜሪካው ሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ቤዝ ተጫዋች የነበረው ይህ ሰው ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመበትን ክር በፕሪሲዥን ቤዙ (የፌንደር ፋብሪካ አንዱ ሞዴል ነው) ላይ አስሮ ለረጅም ጊዜ ይጫወትበት ነበር። እሱ የሚፈልገው ያንን የታፈነ ወፍራም ድምፅ ነው። አንተ ልጅ ግን በአውራ ጣት ተመትቶ የሚያንጸባርቅ ድምፅ ከስልክህ ላይ ካሰማኸኝ በኋላ ጄመርሰንን ምስክር አድርገህ አትጥራብኝ።

እዝዝታውም እንዲሁ ነው። ጃዝ ቤዝ በሚባለው ሌላው የፌንደር ሞዴል ላይ ያሉት ሁለት ነጠላ ጥቅሎች (አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ያላቸው ፒክአፖች) እዝዝታውን የሚያጠፉት ሁለቱም እኩል ሲከፈቱ ነው፤ አንዱን ብቻ ከፍታችሁ «ተበላሽቷል» አትበሉ፣ ተፈጥሮው ነው። ክሩን በእጅ ስትነኩ ጩኸቱ የሚቀንስ ከሆነ ወደ ብሪጁ (የክሮቹ ጫፍ ወደሚታሰርበት ብረት) የሚሄደው የመሬት ሽቦ ደህና ነው ማለት ነው፤ የጎደለው የጓዳው፣ ማለትም ፒክአፑና ሽቦዎቹ የሚቀመጡበት የእንጨቱ ጉድጓድ፣ መከለያ ነው። የመዳብ ወረቀት በጓዳው ውስጥ ለጥፎ ከመሬት ሽቦው ጋር ማገናኘት ከአዲስ ፒክአፕ በእጅጉ ይረክሳል። ክሩ ወይም ማይክሮፎኑ እጅን የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ወሬው ከሙዚቃ ወጥቷል። የመድረኩ ሶኬት መሬት የለውም፣ ወይም አምፕሊፋየሩ ችግር አለበት። መጫወት አቁሙና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።

ፒክአፑ ራሱ መሞቱን ማወቅ ቀላል ነው። አምፕሊፋየሩን ዝቅ አድርጋችሁ የፒክአፑን ማግኔት በካቻቪቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ መታ አድርጉ። «ጧ» ካለ በሕይወት አለ።

ሳይለኩ መግዛት

ትዕግሥቴን የሚጨርሰው ይህ ነው። «የጃዝ ቤዝ ፒክአፕ ጠየቅሁ፣ የጃዝ ቤዝ ፒክአፕ መጣልኝ፤ ለምን አልገባም?» በተለመደው የፌንደር አሠራር የአንገት በኩሉ ፒክአፕ 92 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የብሪጅ በኩሉ 95 ገደማ ነው። ብዙ ርካሽ ጊታሮች ደግሞ ሁለቱንም እኩል አድርገው ይሠራሉ። ስለዚህ «ጥንድ» ተብሎ የሚሸጠው አንድ አጭርና አንድ ረጅም፣ ሁለት ረጅም ወይም ሁለት አጭር ሊሆን ይችላል። ሦስት ሚሊሜትር ለዓይን ምንም አይደለችም፤ ለእንጨት ግን ግድግዳ ናት።

በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል አንድ ወጣት ሁለት ረጃጅም ፒክአፖች መጡለትና የአንገት በኩሉ አልገባ አለው። መጠየቅ አፍሮ አናጺ ጎረቤቱ ዘንድ መሮ ተዋሰ። መሮው እንጨቱን ከመቁረጡ በፊት ቫርኒሹን ፈነቀለው፤ ስንጥቁ ከጓዳው ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ፕላስቲክ ሽፋኑ ሄደ። እኔ ዘንድ ሲመጣ ጊታሩን በነጠላ ጠቅልሎት ነበር። ጠርዙን በሙጫና በአሸዋ ወረቀት አስተካከልኩለት፤ ቁስሉ ግን እስከ ዛሬ ይታያል።

ፕሪሲዥን ቤዝም ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ፒክአፑ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ሲወጣ አንድ ነጠላ ጥቅል ነበረው፤ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ለሁለት የተከፈለው ዓይነት የመጣው በ1957 ነው። ሁለቱም ዛሬ ይሸጣሉ። «ሶፕባር» የሚባለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ቃሉ የሚነግራችሁ ሳሙና መምሰሉን ብቻ ነው። የኢኤምጂ ፋብሪካ 35፣ 40 እና 45 እያለ የሚጠራቸው ርዝመታቸው ሦስት ኢንች ተኩል፣ አራት ኢንች እና አራት ኢንች ተኩል ስለሆነ ነው፤ ሌላው ፋብሪካ የራሱ ልክ አለው።

ለዘመድ ትእዛዝ ስትልኩ ስም ብቻ አትላኩ። የድሮውን ፒክአፕ አውጡና ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን በካሊፐር ለኩ። ካሊፐር ከሌለ ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ ይበቃል። ቀጥሎ የጓዳውን ጥልቀት ለኩ፣ ምክንያቱም ከሥሩ ሽቦና ስፖንጅ ይቀመጣል። ብሎኑ በጆሮው (ከፒክአፑ ጎን በወጣው ጫፍ) ላይ ነው ወይስ በሽፋኑ መሃል? በመጨረሻም ፒክአፑ ባለበት ቦታ ላይ ከመጀመሪያው ክር መሃል እስከ መጨረሻው ክር መሃል ያለውን ስፋት ያዙ፤ በተለይ ባለ አምስት ክር ከሆነ። ይህን ሁሉ ጽፋችሁ፣ ፒክአፑን ከማስመሪያ ጎን አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡና አብራችሁ ላኩ። ዲሲ ያለው የአክስት ልጅ ቤዝና ጊታር ባይለይም ቁጥር ያነባል።

በኦም ቁጥር መምረጥ

ቴስተር ላይ 13 ኪሎ ኦም የሚያሳየው 8 ከሚያሳየው «ይበልጣል» የሚል እምነት አለ። ኦም የሚለካው የሽቦውን ርዝመትና ቅጥነት ነው። በተመሳሳይ ዙር ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለበት ፒክአፕ ቁጥሩ ከፍ ይላል እንጂ ጉልበቱ አይጨምርም። ዙሩ ራሱ ሲበዛ ጉልበት ይጨምራል፤ በዚያው ልክ የላይኛው ጥራት ይደፈናል። ጤነኛ የጃዝ ቤዝ ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ 7 ወይም 8 ኪሎ ኦም፣ የፕሪሲዥኑ 10 ወይም 11 አካባቢ ያነባል። ቁጥሩን ጤንነት መመርመሪያ አድርጉት፤ መምረጫ ግን አይሁን።

ባትሪ ያለበትን ሁሉ «አክቲቭ ፒክአፕ» ማለት

ባትሪው የማን እንደሆነ እወቁ። ሚዩዚክ ማን የተባለው ፋብሪካ በ1976 ያወጣው ስቲንግሬይ ቤዝ ባትሪ ነበረው፤ ፒክአፑ ግን ተራ ማግኔትና ሽቦ ነው፣ ባትሪው የሚያበላው ከፒክአፑ ቀጥሎ ያለውን ፕሪአምፕ (በጊታሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማጉያ) ነው። በሌላ በኩል በፒክአፑ ሆድ ውስጥ ማጉያ ያላቸው አሉ፤ አክቲቭ ፒክአፕ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ልዩነቱ ወሬ ብቻ አይደለም፤ መቆጣጠሪያዎቹን (ከድምፅ ቁልፎቹ ሥር ያሉትን ዕቃዎች) ይወስናል። ተራው ፒክአፕ አብዛኛውን ጊዜ 250 ኪሎ ኦም መቆጣጠሪያ ይፈልጋል፣ ውስጡ ማጉያ ያለው 25 ኪሎ ኦም። ተራውን ፒክአፕ በ25ቱ ላይ ብታስሩት ድምፁ በብርድ ልብስ እንደተሸፈነ ይሆናል። በተቃራኒው ብታደርጉት የድምፁ ቁልፍ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ይሠራል፤ በመሃል ምንም የለም። ከአዲሱ ፒክአፕ ጋር መቆጣጠሪያዎቹና ጃኩ አብረው መምጣታቸውን ጠይቁ። ጃኩ ላይ ኬብል ተሰክቶ ያደረ ጊታር ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ እንደሚያድርም አትርሱ።

በስልክ ድምፅ ማጉያ ሰምቶ መፍረድ

የቤዝ የታችኛው ሚ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ላይ ይርገበገባል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ያንን ከናካቴው አያወጣውም። ሁለት ፒክአፖችን በስልክ እያወዳደራችሁ የምትመርጡት የላይኛውን ትርፍራፊ ብቻ ሰምታችሁ ነው። ቢያንስ ደህና የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ።

ጆሯችሁ ላይ ያለውን ድምፅ ከፒክአፕ ጋር አንድ ማድረግም ከዚሁ ስህተት ይቆጠራል። አንዱ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ የተጫወተበትን የሮሃ ባንድ ቅጂ ያመጣልኛል፣ ሌላው አሜሪካዊውን ቤዝ ተጫዋች ማርከስ ሚለርን። የሚለር ድምፅ ውስጥ የ1977 ጃዝ ቤዝ አለ፤ በ1970ዎቹ ፌንደር የብሪጁን ፒክአፕ ወደ ብሪጁ ይበልጥ አስጠግቶት ስለነበር ድምፁ ቀጠን ይላል። በላዩ የተጨመረለት ፕሪአምፕ አለ። ከዚያ አውራ ጣቱ። የሮሃው ቅጂ ላይ ያለው ምት ደግሞ ከሁሉ በላይ ከእጅ የመጣ ነው። ፒክአፕ የገዛ ሰው ከእነዚህ አንዱን ቁራጭ ገዛ።

ደግሞም ብቻችሁን ቤት ውስጥ የሚያምር ድምፅ ከባንድ ጋር ሊጠፋ ይችላል። ከታችና ከላይ ተነፍቶ መሃሉ የጎደለ ፒክአፕ መኝታ ቤት ውስጥ ንጉሥ ነው። ምሽት ክበብ ውስጥ ግን የከበሮው ምትና የኪቦርዱ ግራ እጅ ታችኛውን ይይዙበታል፣ ጸናጽሉ ላይኛውን፤ እሱ የት ይግባ? ለሠርግና ለክበብ ሥራ መሃሉ የሞላ ፒክአፕ፣ ለምሳሌ የፕሪሲዥን ዓይነት፣ ብቻውን ሲሰማ ሸካራ ቢመስልም ይመረጣል። ልምምድ ላይ በቀጥታ ከሚክሰሩ ቀድታችሁ አዳምጡ።

የሁለት ፋብሪካ ፒክአፕ ማቀላቀል

ይቻላል። ሁለቱም ሲከፈቱ ድምፁ ሆድ የሌለው ቀጭን ከሆነ ተጻራሪ ሆነው አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጠፋል ማለት ነው፤ የአንዱን ሁለት ሽቦዎች በካውያ አላቃችሁ አቀያይሩ። ከዚያ በፊት ግን የመሬት ሽቦው ከብረት ሽፋን ጋር አለመያያዙን አረጋግጡ።

ፒክአፑን ክሩ ሥር ድረስ ከፍ ማድረግ

ማግኔቱ ክሩን ይጎትተዋል፤ ቅኝቱ ይንገዳገዳል። ክሩን በመጨረሻው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ባለው የመጨረሻ የብረት መስመር) ላይ ተጭናችሁ በክሩና በፒክአፑ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ተዉ፣ በወፍራሙ ክር በኩል ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ብዙ ሰው ይህን ብቻ አስተካክሎ በአሮጌው ፒክአፕ ይታረቃል።

አሮጌውን መጣል

ከመፍታታችሁ በፊት ሽቦዎቹን ፎቶ አንሡ። የወጣውን ፒክአፕ ከነብሎኑና ከነስፖንጁ በላስቲክ አስራችሁ በጊታሩ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ ጊታሩን ስትሸጡ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።