ከሞምባሳ ወደ ሰበታ በመኪና ሲመለሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰበታ ተቀምጬ «የባሕር ሥነ ሕይወት ነው የምማረው» ስል ጎረቤት ሁሉ «ባሕሩ የታለ?» ብሎ ይስቃል። ልክ ናቸው፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም። ለተግባር ልምምድ ወደ ኬንያ ጠረፍ የምንወርደውም ለዚሁ ነው። ልምምዱን ጨርሶ በመኪና መመለስ ደስ ይላል፤ ግን ብዙዎቻችን መጨረሻው ላይ እናበላሸዋለን።

በመጨረሻው ቀን ባሕር ውስጥ ጠልቆ ማታውኑ አውቶቡስ መሳፈር፦ ከጠለቁ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን መሳፈር አደገኛ መሆኑን ማንኛውም ጠላቂ ያውቃል። አውቶቡስ ግን «በምድር ነው» ተብሎ ይታለፋል። ምድሩ እኮ ሽቅብ ነው! ሞምባሳ ባሕሩ አፍ ላይ ናት፤ ናይሮቢ ግን ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ደግሞ ግፊቱ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ 480 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ማታ ተሳፍሮ ጠዋት ናይሮቢ የገባ ሰው ለሰውነቱ ከበረረ ብዙም አይለይም። ውኃው ሥር ሳሉ በደምና በሥጋ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን፣ ግፊቱ ሲቀንስ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያ ያማል፣ ሲብስም ነርቭ ይጎዳል። ለበረራ የሚመከረው ቆይታ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለቀናት ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ነው። እኔ 24 ሰዓት ሳይሞላኝ አልነቃነቅም፤ ሰበታ እኮ በከፍታ ከናይሮቢም ትበልጣለች። በዚያች ቀን ልብሱንና መተንፈሻውን በንጹሕ ውኃ አጥበው ጥላ ሥር ያድርቁ። ጨው ጎማም ብረትም ይበላል።

በሐበሻ ሰዓት መዝግቦ ሳያርሙ መውጣት፦ ይህ የራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት መዝገቤን በለመድኩት ሰዓት ጻፍኩት። ስዋሂሊም እንደኛው ነው የሚቆጥረው፤ «ሳአ ታቱ» ማለት የኛው ሦስት ሰዓት ነው። ከጀልባ ነጂው ጋር እንግዲህ ምንም አልተቸገርንም፤ ያልተግባባሁት በፈረንጅ ሰዓት ከሚቆጥረው ኮምፒውተር ጋር ነው። እዚያ ባሕሩ ሞልቶ እስኪጎድል ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የኛና የፈረንጁ ሰዓት ልዩነትም ስድስት! ባሕሩ ጎድሎ ድንጋይ ላይ የቆጠርኳቸው ቀንድ አውጣዎች በባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሠንጠረዥ ላይ ባሕሩ በሞላበት ሰዓት የተቆጠሩ ሆነው ተገኙ። አብረዋችሁ የቆጠሩት ልጆች ሳይበተኑ መዝገቡን እያንዳንዱን ገጽ አብራችሁ እዩት። ሞያሌ ላይ ማንን ይጠይቃሉ?

ሻንጣ ውስጥ ዛጎልና ናሙና መወሸቅ፦ እናቴ «ዛጎል አምጪልኝ» ብላኝ ነበር፤ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በጥብቅ የባሕር ፓርክ ውስጥ ያለ ነገር፣ የሞተ ቅርፊትም ቢሆን፣ አይነሳም። ድንጋያማ ኮራል፣ የባሕር ፈረስና የባሕር ኤሊ ደግሞ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሥር ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም። ናሙና የሚቀመጥበት ኤታኖልም በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ከተሳፋሪ ጋር የሚሄድ ዕቃ አይደለም። ናሙናው እዚያው ላቦራቶሪ ይቅር፣ እርስዎ መረጃውን በሁለት ቦታ ገልብጠው ይምጡ።

መኪና ተከራይቶ እስከ ቤት እነዳለሁ ማለት፦ አይሞክሩት። የኪራይ መኪና ብዙ ጊዜ ድንበር እንዲያልፍ አይፈቀድለትም፤ በዚያ ላይ ኬንያ በግራ፣ እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። ሞያሌ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በኛ አገር የሕዝብ መኪና። ጠዋት እንዲደርሱ አድርገው ይነሡ፤ ከሞያሌ ወዲህ ያለውን መንገድ የዕለቱን ሁኔታ ከሾፌሮች ይጠይቁ፣ በሌሊት አይጓዙ።

ሐይቆቹን በመስኮት አይቶ ማለፍ፦ ወራት ሙሉ የጨው ውኃ ስታጠና የከረመች ልጅ አብያታን ተኝታ ስታልፍ አይቻለሁ። አሳዘነችኝ። አብያታ ውኃው እየተቀዳ የሸሸ የሶዳ ሐይቅ ነው፤ አጠገቡ ሻላ ጥልቅ ሆኖ ተቀምጧል፣ ላንጋኖ ደግሞ ቀይ ቡናማ ነው። ሦስት ጎረቤታሞች፣ ሦስት ዓይነት ውኃ። ሐዋሳ አሞራ ገደልም ጠዋት ወርደው ቆሮሶና አምባዛ ሲራገፍ ይዩ፤ የዓሣ ሾርባውንም አይለፉት።

ከዚያ በኋላ የኛ ሰፈር ሰው በቃሊቲ በኩል ገብቶ አዲስ አበባን ማቋረጥ የለበትም። ከዝዋይ ወደ ቡታጅራ ይታጠፉ፤ በጢያና በመልካ ቁንጡሬ አድርጎ ዓለም ገና ላይ ያወጣዎታል። ከዚያ ሰበታ በታክሲ ቅርብ ናት።